በሕግ የታዘዘ ንባብ፦ ሆሴ ሪዛል በፊሊፒንስ ትምህርት ቤቶች

በፊሊፒንስ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ነርስነት ያጥና ምሕንድስና፣ የሒሳብ አያያዝ ያጥና የባሕር ጉዞ፣ ስለ ሆሴ ሪዛል ሕይወትና ሥራዎች የሚሰጠውን ኮርስ ሳይወስድ አይመረቅም። ግዴታውን የጣለው የዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ወይም አንድ ሚኒስትር ያወጣው መመሪያ አይደለም፤ በ1956 የጸደቀው የሪፐብሊክ ሕግ ቁጥር 1425 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በተለምዶ «የሪዛል ሕግ» የሚባለው ይህ አዋጅ ሁለት ልብ ወለዶችን በስማቸው ጠርቶ በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤቶች እንዲሰጡ ያዛል። ብሔራዊ ጀግናን በሐውልት፣ በገንዘብ ኖትና በአደባባይ ስም ማክበር የየአገሩ ወግ ነው። ጀግናው የጻፈውን ሳይቆረጥ ሳይቀነስ አንብቡ ብሎ በሕግ ማስገደድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፊሊፒንስም እዚህ ውሳኔ ላይ የደረሰችው ከብርቱ ትግል በኋላ ነው።

ሪዛል ጁን 19 ቀን 1861 ከማኒላ በስተ ደቡብ፣ በላጉና አውራጃ በካላምባ ከተማ ተወለደ። ከአሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛው ነበር። ቤተሰቡ ከዶሚኒካን መነኮሳት ሰፊ ርስት መሬት ተከራይቶ የሚያርስ፣ ኑሮው የተደላደለ፣ ቤቱም መጽሐፍ የማይጠፋበት ነበር። ፊደል ያስቆጠሩት እናቱ ቴዎዶራ አሎንሶ ናቸው። ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እኚህ እናት ባልፈጸሙት ወንጀል ተከስሰው እስከ አውራጃው ዋና ከተማ ድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተነዱ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ያህልም ታሰሩ። ወዲያው በ1872 ጎሜስ፣ ቡርጎስና ሳሞራ የተባሉ ሦስት ካህናት በአመጽ ተወንጅለው ማኒላ ላይ በሞት ተቀጡ። የሪዛል ታላቅ ወንድም ፓሲያኖ የቡርጎስ ቅርብ ሰው ስለነበር ሐዘኑ ከቤት ገባ። ሪዛል በማኒላ በአቴኔዮና በሳንቶ ቶማስ ከተማረ በኋላ በ1882 ወደ ስፔን ተሻግሮ በማድሪድ ሕክምናና ፍልስፍና አጠና፤ በፓሪስና በሃይደልበርግ ደግሞ የዓይን ሕክምና ተማረ።

የመጀመሪያው ልብ ወለድ «ኖሊ ሜ ታንጌሬ» በ1887 በርሊን ላይ ታተመ። ርእሱ ከዮሐንስ ወንጌል የተወሰደው «አትንኪኝ» የሚለው ቃል ነው። ደራሲው የማተሚያ ገንዘብ አጥቶ ተቸግሮ ሳለ ጓደኛው ማክሲሞ ቪዮላ 300 ፔሶ አበደረውና 2,000 ቅጂ ወጣ። ባለታሪኩ ክሪሶስቶሞ ኢባራ ከሰባት ዓመት የአውሮፓ ቆይታ በኋላ አገሩ ሲገባ አባቱ በእስር ቤት መሞታቸውን፣ አስከሬናቸውም በቄሱ ትእዛዝ ከመቃብር መውጣቱን ይሰማል። ቂሙን ውጦ ለከተማው ልጆች ትምህርት ቤት ሊያሠራ ይነሣል። የመሠረት ድንጋዩ በሚጣልበት ዕለት ሊገድሉት ይሞክራሉ፤ ኋላም በሐሰት አመጽ ተወንጅሎ ይሳደዳል። በ1891 በቤልጅየም ጌንት በታተመው ሁለተኛው መጽሐፍ «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ» ይኸው ኢባራ ሲሙን የተባለ ጌጣጌጥ ነጋዴ መስሎ ይመለሳል፤ አገዛዙን ከውስጥ አበስብሶ አመጽ ሊያስነሣ ያሴራል፤ ሳይሳካለትም ይሞታል። መጽሐፉ የተበረከተው በ1872 ለተገደሉት ሦስት ካህናት ነው።

ሁለቱን መጻሕፍት ከክፍል ጋር ያገናኛቸው ግን ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ሪዛል ራሱ ትምህርትን የታሪኩ እምብርት አድርጎታል። በ«ኖሊ» ውስጥ የሳን ዲየጎ ከተማ መምህር የደረሰበትን ለኢባራ የሚያወጋበት ምዕራፍ አለ። መምህሩ የትምህርት ቤት ሕንጻ የለውም። ልጆቹን የሚያስተምረው በቄሱ መኖሪያ ምድር ቤት፣ ከሠረገላቸው ጎን ነው፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ሲያነቡ ቄሱን ስለሚረብሹ ይሰደባል። ስፓኒሽ ሊያስተምር ሲሞክር ቄሱ አባ ዳማሶ ይሳለቁበታል፤ በተውሶ ልብስ አታጊጥ፣ ቋንቋህን ተናገር ይሉታል። አለንጋውን ጥሎ በፍቅር ማስተማር ሲጀምር ደግሞ ወላጆቹም ጭምር ይነሡበታል፤ ያለ ዱላ የተማረ ሰው አያውቁምና። መምህሩም እያዘነ አለንጋውን መልሶ ያነሣል። ክፋቱ የአንድ ቄስ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ተበዳዩም የተለማመደው ሥርዓት መሆኑን ሪዛል ያሳየበት ቦታ ይህ ነው።

በ«ፊሊ» ውስጥ ደግሞ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አለ። ከሁለት መቶ በላይ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ታጭቀዋል። የሙከራ መሣሪያዎቹ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው ለጎብኚ ከመታየት በቀር አገልግሎት የላቸውም። አስተማሪው መነኩሴ ተማሪዎቹን እየጠራ የመማሪያ መጽሐፉን አንቀጽ ቃል በቃል ያስደግማል። የሸመደደ ያልፋል፤ ሊረዳ የፈለገ ይዋረዳል። ፕላሲዶ ፔኒቴንቴ የተባለው ወጣት ስድቡ ሲበዛበት መልሱን ተናግሮ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። የቅኝ ግዛትን ትምህርት ከውስጥ ያየ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን ምዕራፍ ሊጽፈው አይችልም፤ ከመጽሐፉ ውስጥ ለዛሬ ተማሪ ይበልጥ የሚቀርበውም እሱ ነው።

መጻሕፍቱ ማኒላ ሲደርሱ የሳንቶ ቶማስ መምህራን ኮሚቴ «ኖሊ»ን መናፍቃዊና ነውረኛ ሲል ፈረጀው፤ የሳንሱር ኮሚሽኑም እንዲታገድ ጠየቀ። እገዳው ንባቡን ወደ ጓዳ አስገባው እንጂ አላስቆመውም። ሪዛል ከአውሮፓና ከሆንግ ኮንግ ተመልሶ በጁላይ 1892 «ላ ሊጋ ፊሊፒና» የተባለውን ሰላማዊ ማኅበር በመሠረተ በቀናት ውስጥ ተይዞ በሚንዳናዎ ደሴት ወደምትገኘው ዳፒታን ተጋዘ። በዚያ አራት ዓመት ሲኖር ሕሙማን አከመ፣ የከተማዋን የውኃ መስመር ዘረጋ፣ የወንዶች ልጆች ትምህርት ቤትም ከፈተ። ከተማሪዎቹ ገንዘብ አይቀበልም ነበር፤ በምትኩ በእርሻውና በግንባታው ያግዙታል። መጽሐፍ ላይ የነቀፈውን ትምህርት በእጁ እንዴት እንደሚያቀናው ያሳየበት ይህ ትምህርት ቤት ከሕይወት ታሪኩ ምዕራፎች ሁሉ ሰፊ ቦታ ቢሰጠው ያስመሰግናል።

አንድሬስ ቦኒፋሲዮ የመሠረተው ካቲፑናን የተባለ ምሥጢራዊ ማኅበር በኦገስት 1896 ነፍጥ ሲያነሣ ሪዛል በወታደር ሐኪምነት ወደ ኩባ ሊሄድ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ከጉዞ ላይ ተይዞ ተመለሰ። በዲሴምበር 15 አመጹን የሚያወግዝ መግለጫ ጻፈ፤ ይህም ሆኖ በአመጽ ቆስቋሽነት ተፈርዶበት ዲሴምበር 30 ቀን 1896 ባጉምባያን ሜዳ ላይ ተረሸነ። ዕድሜው 35 ነበር። ከመሞቱ በፊት የጻፈው ርእስ አልባ የስንብት ግጥም በትንሽ የአልኮል ምድጃ ውስጥ ተደብቆ ለቤተሰቡ ወጣ። ዛሬ ፎርት ሳንቲያጎን የሚጎበኙ ተማሪዎች ከእስር ክፍሉ እስከ መረሸኛው ሜዳ የሄደበትን መንገድ መሬት ላይ በተነጠፉ የነሐስ ዱካዎች እየተከተሉ ይሄዳሉ።

ከሞቱ በኋላ ክብሩ በፍጥነት አደገ። የካቲፑናን አባላት ቀድሞውንም ስሙን ለይለፍ ቃል ይጠቀሙበት ነበር። በዲሴምበር 1898 የአብዮቱ መሪ ኤሚሊዮ አጊናልዶ ዲሴምበር 30 የብሔራዊ ሐዘን ቀን እንዲሆን አወጁ። አሜሪካኖች አገሪቱን ሲይዙም ሪዛልን አቀፉት፤ በ1901 ማኒላን የሚያዋስነው አውራጃ በስሙ ተጠራ፣ በ1913 ደግሞ የስዊስ ቀራጺው ሪቻርድ ኪስሊንግ የሠራው ሐውልት በተረሸነበት አካባቢ ተመረቀ። ከነጻነት በኋላ በ1948 የወጣ ሕግ በዲሴምበር 30 የዶሮ ውጊያና የፈረስ እሽቅድምድም ቁማር እንዳይካሄድ ከለከለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ የጠፋው የካላምባ ቤቱ የትምህርት ቤት ልጆች ባዋጡት ሳንቲም ጭምር እንደገና ተሠርቶ በ1950 ተከፈተ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን መጻሕፍቱን ያነበበ ጥቂት ነበር፤ በአሜሪካ ዘመን የተማረው ትውልድ በእንግሊዝኛ ስላደገ ስፓኒሹ ርቆታል።

በ1956 ሴናተር ክላሮ ሬክቶ ይህን ክፍተት በሕግ ለመድፈን ተነሡ። ሬክቶ የአሜሪካ የጦር ሠፈሮችንና የአገራቸውን ጥገኝነት በይፋ የሚነቅፉ፣ የሕግና የሥነ ጽሑፍ ሰው ነበሩ። ነጻነት ከታወጀ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ የልጆቹ የትምህርት መጻሕፍት ግን የአሜሪካን አስተሳሰብ ይዘው ቀርተዋል የሚለው ቅሬታ ያኔ በምሁራኑ ዘንድ የተለመደ ነበር። ረቂቁን ለሴኔቱ ያቀረቡት የትምህርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆሴ ላውሬል ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ «ኖሊ»ና «ፊሊ» ሳይቆራረጡ በሁሉም ትምህርት ቤት ይነበቡ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ተቃወሙ። ሪዛልን አላጣጣሉም፤ የአገር ፍቅሩን አወድሰው መጻሕፍቱ ግን ምእመናን እንዲያነቧቸው ሊገደዱ አይገባም አሉ። ከተቃዋሚዎቹ ወገን በ«ኖሊ» ውስጥ የአገር ፍቅር የሚያስተምሩ ክፍሎች 25 ብቻ ሲሆኑ ሃይማኖትን የሚያጠቁት 120 ናቸው የሚል ቆጠራ ሳይቀር ቀረበ። በሴኔቱ ውስጥ ተቃውሞውን የመሩት ፍራንሲስኮ ሮድሪጎ፣ ማሪያኖ ኩዌንኮና ዴኮሮሶ ሮሳሌስ ነበሩ። ሮድሪጎ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር መሪ የነበሩ፣ ኩዌንኮና ሮሳሌስ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሊቀ ጳጳስ ወንድም ያላቸው ናቸው። ክርክራቸው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ መንግሥት ዜጋውን ሕሊናው የሚከለክለውን መጽሐፍ አንብብ ብሎ ሊያስገድድ ይችላልን የሚል የመብት ጥያቄ ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ ደጋፊዎቹም በምርጫ ዋጋቸውን ያገኛሉ የሚል ማስፈራሪያም ተሰማ። ሬክቶ ትምህርት ቤቶቹ ከተዘጉ መንግሥት ይረከባቸዋል ሲሉ መለሱ። በተወካዮች ምክር ቤት ነገሩ እስከ ቡጢ ደርሶ ነበር።

በዚያ ክርክር ውስጥ የሬክቶ ወገን ጠንካራ ነጥብ የታየው መጻሕፍቱ ተመርጠውና ተቆርጠው ይነበቡ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ነው። ሪዛል የጻፈው ስለ መነኮሳቱ በደል ነው። ያ ከወጣ የሚቀረው የአንድ ሀብታም ወጣት የፍቅር ታሪክ ብቻ ነው፤ ተማሪውም ሰውየው በምን ምክንያት እንደተረሸነ ሳይገባው ይቀራል። መጨረሻ ላይ ላውሬል ያቀረቡት አስታራቂ ረቂቅ አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ራሞን ማግሳይሳይም ጁን 12 ቀን 1956 ፈረሙበት።

የጸደቀው ሕግ አጭር ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ የሪዛል ሕይወት፣ ሥራዎችና ጽሑፎች፣ በተለይም ሁለቱ ልብ ወለዶች፣ በየደረጃው ባለው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲካተቱ ያዛል፤ በኮሌጅ ደረጃ ያልተቆረጠው የመጀመሪያ እትም ወይም የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ዋና መማሪያ እንዲሆን ይደነግጋል። በሃይማኖቱ ምክንያት ያልተቆረጠውን እትም ማንበብ የማይፈልግ ተማሪ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ አቅርቦ ከንባቡ ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ከኮርሱ ግን አይቀርም። ይህ ለተቃዋሚዎቹ የተሰጠ መካሻ ነበር፤ አገር በተከፈለችበት ሰዓት የሚቻለውን ያህል የተመዘነ መካሻም ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ቤተ መጻሕፍት በቂ ቅጂ እንዲያኖሩ ያስገድዳል። ሦስተኛው መጻሕፍቱ ወደ እንግሊዝኛ፣ ወደ ታጋሎግና ወደ ዋና ዋናዎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ተተርጉመው በርካሽ እንዲታተሙ፣ ማንበብ ለሚፈልግም ሁሉ በቀበሌ ምክር ቤቶች በኩል በነጻ እንዲታደሉ ይላል። ለማስፈጸሚያ የተመደበው 300,000 ፔሶ ነው።

ሕግ መውጣቱና መፈጸሙ እኩል አልሄዱም። ከ38 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1994፣ ፕሬዚዳንት ፊደል ራሞስ የትምህርት መሥሪያ ቤቶች ሕጉን በሙላት እንዲፈጽሙት የሚያዝ ማስታወሻ ማውጣት አስፈልጓቸዋል። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ «ኖሊ» በ9ኛ ክፍል፣ «ፊሊ» በ10ኛ ክፍል በፊሊፒንኛ ትምህርት ውስጥ ይሰጣሉ። ቦታቸው በአብዛኛው የዓመቱ አራተኛ ሩብ ነው፤ የዝናቡና የአውሎ ነፋሱ መስተጓጎል ያጠበበው፣ የማጠቃለያ ፈተና የሚጣደፍበት ወቅት። ከስልሳ በላይ ምዕራፍ ያለውን ልብ ወለድ በሁለት ወር ገደማ ለመጨረስ ምዕራፎቹ በአጭሩ ይተረካሉ፣ በቡድን ተከፋፍለው በድራማ ይታያሉ። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ኮርሱ ሦስት ክሬዲት አለው፤ በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ፒአይ 100 በሚል መለያ ይታወቃል።

በተግባር ብዙ ክፍል ውስጥ የሚነበበው ሪዛል የጻፈው ሳይሆን ስለ ሪዛል የተጻፈው ነው። በተለይ የግሬጎሪዮ ሳይዴ የሕይወት ታሪክ መማሪያ ለአሥርት ዓመታት እየታተመ በስፋት ሲያገለግል ኖሯል። እንዲህ ያለ መማሪያ ለአስተማሪ ምቹ ነው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የመርከቡ ስም ሁሉ በቅደም ተከተል ተደርድሯል። ፈተናውም ያንኑ ይከተላል፦ ሪዛል ስንት ቋንቋ ያውቅ ነበር፣ በየትኛው ከተማ ማንን አፈቀረ፣ የእህቶቹ ቅጽል ስም ምን ነበር። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። በ«ፊሊ» የፊዚክስ ክፍል የተቆለፉት መሣሪያዎች ከሩቅ እንደሚታዩ ሁሉ እዚህም ልብ ወለዶቹ በመማሪያው ውስጥ በስማቸው ይታያሉ እንጂ አይከፈቱም። ሽምደዳን ያወገዘ ደራሲ በሽምደዳ መማሩ ከሕጉ አፈጻጸም ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ነው። ጥፋቱን ሁሉ በአስተማሪው ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የተጨናነቀ ክፍል፣ ያጠረ ጊዜና ያልተሟላ ቤተ መጻሕፍት ይዞ መጽሐፍ ሙሉውን ማስነበብ ቀላል አይደለም።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። ሪዛል በስፓኒሽ ነው የጻፈው። ስፓኒሽ እስከ 1980ዎቹ በብዙ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ዘርፎች ግዴታ ነበር፤ ከ1987 ሕገ መንግሥት ጋር ግዴታነቱ አበቃ። ስለዚህ የዛሬ ተማሪ የሚያነበው ትርጉም ነው፣ ትርጉሙም ይለያያል። የቻርልስ ደርቢሻየር የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1912 ወጣ። የሊዮን ማሪያ ጌሬሮ ትርጉሞች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወጥተው በትምህርት ቤቶች ተስፋፉ፤ አቀላጥፈው የሚነበቡ ቢሆኑም ተመራማሪው ቤኔዲክት አንደርሰን ዋናውን ለስላሳና ዘመናዊ ለማድረግ ሲሉ ብዙ ነገር እንዳጠፉበት በዝርዝር አሳይቷል። በ1990ዎቹ የወጡት የሶሌዳድ ላክሶን ሎክሲን ትርጉሞች ለዋናው ይበልጥ ታማኝ በመሆናቸው ይመሰገናሉ። ሕጉ ዋናውን ወይም የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ይላል እንጂ የትኛው ትርጉም እንደሆነ አይወስንም፤ የምርጫው ክብደት በአስተማሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ ትልቁን ክርክር ያስነሣው የታሪክ ጸሐፊው ሬናቶ ኮንስታንቲኖ ነው። በዲሴምበር 30 ቀን 1969 ባቀረበው ንግግር ሪዛልን ሳይረዱ የማምለክን ልማድ ተቸ። እንደ እሱ አባባል የሕዝቡን አብዮት ያወገዘን ሰው ዋና ጀግና ማድረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነፍጥ ካነሣው ቦኒፋሲዮ ይልቅ ተሐድሶ የጠየቀው ሪዛል ለአሜሪካ ገዥዎች ይመቻል። ትችቱ ሰነፍ ውዳሴን አንቅቷል፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ውስጥ ይነበባል። ጀግንነቱን የአሜሪካ ፈጠራ ያስመሰለው ክፍል ግን ከማስረጃው ጋር አይሄድም፤ አሜሪካኖች አገሪቱን ሳይገዙ ካቲፑናን ስሙን ለይለፍ ቃል ይጠቀምበት፣ የአጊናልዶ መንግሥትም ያዝንለት ነበርና። የሚገርመው በየትኛውም ሕግ ሪዛል «ብሔራዊ ጀግና» ተብሎ አለመታወጁ ነው። በ1995 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ እሱንና ቦኒፋሲዮን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎችን ለዚህ ማዕረግ ቢያጭም ሐሳቡ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

ሌላው በክፍል ውስጥ የሚነሣ ጉዳይ ኑዛዜው ነው። ሪዛል ከመረሸኑ በፊት በቤተ ክርስቲያን ላይ የጻፈውን ሁሉ ክዷል የሚል ሰነድ በ1935 በማኒላ ሊቀ ጳጳስ መዝገብ ቤት ተገኘ። እውነተኛ ነው የሚሉና ተመሳስሎ የተጻፈ ነው የሚሉ ወገኖች እስከ ዛሬ አልታረቁም። ብዙ መምህራን ተማሪዎቹን በሁለት ወገን ከፍለው ስለዚህ ያከራክራሉ፤ ሰነድ መመርመርን ስለሚያስተምር ጥሩ ልምምድ ነው። ይሁን እንጂ ሪዛል ቢክድም ባይክድም መጻሕፍቱ ያሳዩት በደል ያው ነው፤ ሴሚስተሩን በዚህ ክርክር መጨረስ ጊዜውን ከልብ ወለዶቹ ላይ መስረቅ ነው።

ሕጉ በሚንዳናዎ ያሉትን ሙስሊም ተማሪዎችም፣ በተራራማው ሰሜን ያሉትንም እኩል ይመለከታል። ልብ ወለዶቹ በብዛት የሚተርኩት ስለ ታጋሎግ ክርስቲያኖች ዓለም ስለሆነ እዚያ ያለው አስተማሪ ሥራው ድርብ ነው። የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ የፊሊፒንስ ትምህርት ቤቶች በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና በኳታርም አሉ። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚሠሩባቸው በእነዚሁ አገሮች የፊሊፒናውያን ልጆች ኢባራንና ሲሙንን ከወላጆቻቸው አገር ርቀው ያጠናሉ።

መጻሕፍቱ ዛሬም ሰው የመሳብ ኃይላቸው እንዳልደከመ በ2022 ታይቷል። ጂኤምኤ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ባቀረበው «ማሪያ ክላራ አት ኢባራ» በተሰኘ ተከታታይ ድራማ፣ የሪዛል ኮርስ የሰለቻት የነርስነት ተማሪ በተአምር «ኖሊ» ውስጥ ትገባለች፤ ባለታሪኮቹን ታነጋግራለች፣ በደላቸውን አይታ ትቆጣለች፣ ትከራከራለች። ድራማው ብዙ ተመልካች አገኘ፤ ወጣቶችም ስለ ባለታሪኮቹ ስለ ሲሳ፣ ስለ ኤሊያስና ስለ አባ ሳልቪ በማኅበራዊ ሚዲያ ይከራከሩ ጀመር። ጥሩ አስተማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ተማሪውን ወደ ታሪኩ አስገብቶ ልጆቿን በግፍ አጥታ ያበደችውን ሲሳን፣ ሰላማዊው መንገድና ነፍጡ የሚሟገቱባቸውን ኢባራንና ኤሊያስን በገዛ ዓይኑ እንዲያይ መተው። ለዚህ የሚበቃው ሦስትና አራት ምዕራፍ በጥሞና ማንበብ ነው። የሳን ዲየጎው መምህርና የፊዚክስ ክፍሉ ብቻ እንኳ አንድ ወር ያወያያሉ።

በ2013 የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽኑ አጠቃላይ ትምህርትን ወደ 36 ክሬዲት ሲያሳጥር ብዙ ኮርሶች ወጡ፤ የሪዛል ሦስት ክሬዲት ግን በሕግ የተጣለ ስለሆነ ተለይቶ ተቀመጠ። ኮርሱን ሊያስቀር የሚችለው ምክር ቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚያስጨንቀው ኮርሱ ይኑር አይኑር የሚለው አይደለም፤ መጽሐፉ በተማሪው እጅ መግባቱ ነው። ሬክቶና ላውሬል ይህን አስበውበት ነበር፦ ሦስተኛው አንቀጽ በርካሽ የሚታተም፣ በየቋንቋው የተተረጎመ፣ በነጻ የሚታደል ቅጂ ይላል። ስለ ሕጉ በሚነሣው ክርክር ሁሉ ይህ አንቀጽ ብዙም ሲጠቀስ አይሰማም። የፊሊፒንስ መንግሥት ሕጉን አከብራለሁ ካለ መጀመር ያለበት ከዚሁ አንቀጽ ነው።